የጀርመኗ አራት

ባለፈው ዓርብ ሪታየር አደረግኩ። ካልጋሪ፣ ኦግደን ሰፈር ያለው ቢሯችን ውስጥ ኬክ ቆርሰው ሸኙኝ። ኬኩ ላይ «መልካም ጡረታ» አይልም፣ ስሜም የለበትም፤ በሰማያዊ ክሬም ትልቅ አድርገው «ባንሆፍ» ብለው አጽፈውበታል። ከኔ በፊት ጡረታ የወጣው የድሮው አለቃዬ ዳግ ለኔ ብሎ በዚያ በረዶ ነድቶ መጥቶ ነበርና፣ ሹካውን እንደያዘ ጠጋ ብሎ፣ «ውዲ፣ እስከ ዛሬ ሳልጠይቅሽ፤ ይሄ ቃል በአማርኛ ምን ማለት ነው?» አለኝ።

ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ዓመት አብረውኝ ሲሠሩ፣ ስብሰባ ላይ ቀን በቀን ሲሉት የኖሩት ቃል የኛ አገር ቃል መስሏቸው ኖሯል። ጀርመንኛ ነው ስላቸው ደግሞ ግማሾቹ ቅር አላቸው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ወደ ቤት ራይድ የሰጠችኝ ማሂ ናት። ማሂ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ከእንግዲህ የኔን ሥራ የምትይዝ ጎበዝ ልጅ ናት። መኪና ውስጥ ገና ቀበቶዋን ሳታስር ጀመረችኝ።

«ዌይት፣ እትዬ ውዴ፣ ጀርመን ነው እንዴ የተማሩት? የአክስቴ ልጅ እኮ አሁን እዚያ ኮምፒውተር ሳይንስ እየተማረ ነው። ላይክ፣ ግሬዳቸው ግልብጥ ነው አለኝ። አንድ ማለት ቤስት ነው፣ አራት ደግሞ ቤርሊ ፓስ፣ ማለፍ ብቻ። ክሬዚ አይደል?»

«ክሬዚ ነው» አልኳት፤ ሐሳቤ ግን ወደ ነገው ሄደ።

ምክንያቱም በማግስቱ ቅዳሜ ራንድል ሰፈር ባለው ቤቴ የምሳ ግብዣ ነበረኝ። ማሂ ተጠርታለች። አብረውኝ የሚኖሩት፣ ዘጠና ዓመት የደፈኑት አባቴ ደግሞ እንግዳ ባዩ ቁጥር የሚሏት አንዲት ነገር አለች፦ «ይቺ ልጄ እኮ በጀርመን አገር አራት ነጥብ ዜሮ ያመጣች ናት!» አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ነጥብ ማለት ከዚያ በላይ የሌለው ውጤት ነው፤ ኤ በኤ መሆን ነው። አባቴ በዚያች አራት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲኮሩ ኖረዋል። አሁን ልትፈርስባቸው ነው፣ ያውም በኔ ግብዣ ላይ፣ በሰው ፊት። ማሂን አትምጪ አይባል፣ አባቴን ዝም ይበሉ አይባል። ጨነቀኝ።

ቅዳሜ የሆነውን ከመናገሬ በፊት ግን አራቷ እንዴት እንደመጣችና እንዴት እንዳኖረችኝ ላውጋችሁ። ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ ሞልቶኛል።

ጀርመን የሄድኩት በስኮላርሽፕ ነው። በደቡብ በኩል ያለች፣ ከነዋሪዋ ተማሪዋ የሚበዛ ትንሽ ከተማ ነበረች። ገና እንደደረስኩ ስሜ ጠፋ። እነሱ ሰውን የሚጠሩት በቤተሰብ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ ያለን የአባት ስም ነው። ውድነሽ ተሰማ የነበርኩት ልጅ ፍራው ተሰማ፣ ማለትም ወይዘሮ ተሰማ ሆኜ ቁጭ አልኩ። አባቴ አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ፤ አርፋጅ በር ላይ የሚይዙ፣ ስማቸው ሲነሣ ግቢው ጸጥ የሚል ጋሼ ተሰማ። እና እዚያ በነጋ በጠባ «ተሰማ!» ሲባል አቤት ባይዋ እኔ ሆንኩ። ደግሞም ሁሉም አንቱ ይሉኛል። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት «ይቀመጡ» ሲሉኝ መጀመሪያ ሰሞን ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አይ ነበር።

ትምህርቱ ከበደኝ። ከሁሉም የከበደኝ አልጎሪዝም የሚሉት ነበር፤ ለኮምፒውተር የሚሰጥ የሥራ ቅደም ተከተል ማለት ነው። ፈተናው በቃል ነው። ፕሮፌሰሩ ፊት ለፊት፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ ከጎን፣ አንቺ መሀል። ሦስት ዕድል አለሽ። ሦስተኛው ላይ የወደቀ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ያንን ትምህርት በዚያ አገር የትም አይማረውም። ለኔ ያ ማለት ሻንጣ አዘጋጅቶ ተመለስ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፕሮፌሰሩ አንድ ፕሮግራም አሳይተውኝ፣ «ይህ ነገር ይቆማል ይላሉ?» አሉኝ። ይቆማል። እኔም እንደ አገሬ ሰው መለስኩ። እኛ አዎ ለማለት መች አፍ እንከፍታለን፤ አየር ሳብ ማድረግ ይበቃናል። «ህእ!» አልኩ። ፕሮፌሰሩ ደነገጡ። «ደህና ነዎት?» አሉ። ደህና ነኝ ለማለት እንደገና «ህእ!» አልኩ። ተነሥተው መስኮት ከፈቱልኝ፣ በዚያ ብርድ! ውሃም አስመጡ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ሐኪም ልጥራ ወይ እያለ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ጥያቄ በትክክል የመለስኩ መስሎኝ ኮራ ብዬ ተቀምጫለሁ።

እውነቱን ለመናገር የጣለኝ ትንፋሼ አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች አልገቡኝም፣ አልገባኝም ማለት ደግሞ አልቻልኩም። እኛ ቤት አስተማሪ ተናግሮ ሲያበቃ አልገባኝም ማለት፣ ማስረዳት አያውቁም ብሎ መስደብ ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። «ያ፣ ያ» አልኩ፤ አዎ፣ አዎ። ወደቅኩ።

ለሁለተኛው ሸመደድኩ። የትምህርቱን ጥራዝ ከዳር እስከ ዳር፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር በቃሌ ያዝኩ። ፕሮፌሰሩ ስለ ስታክ ጠየቁኝ። ስታክ መረጃ የሚደረደርበት ዘዴ ነው፤ ሳህን አጥበሽ አንዱን በአንዱ ላይ እንደምትከምሪው፣ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። እኔ ሳህን የሚባል አላነሣሁም፤ ጥራዙ ላይ ያለውን እንደ ዳዊት ደገምኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ጥሩ። አሁን ደግሞ በራስዎ ቃል» አሉኝ።

በራሴ ቃል? የራሴ ቃል አማርኛ ነው! መልሼ ያንኑ ደገምኩ። «ለምን?» አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ደገምኩ። አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ አየሁ።

ውጤት የሚለጠፈው ኮሪደር ላይ ነበር። ተሰማ፤ አልተሳካም። የኔ ስም ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። የአባቴ ስም ነው። በር ላይ የሚቆሙት ጋሼ ተሰማ በባዕድ አገር ግድግዳ ላይ ወድቀው ተለጠፉ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛል አላልኩም። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ክፍል አልሄድኩም፤ ምግብም አልወረደልኝም።

ያነሡኝ ፍራው ክሌም ናቸው። የመለማመጃውን ክፍለ ጊዜ የሚመሩ፣ ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው መምህርት ነበሩ። መኖሪያዬ ድረስ መጥተው በሩን አንኳኩና «ፍራው ተሰማ፣ ነገ ከምሳ በኋላ ቢሮዬ ይምጡ። ፖም እኔ አመጣለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

ፖሙ የዋዛ አልነበረም። እሳቸው በትንሽ ቢላ ይልጣሉ፣ እኔ አስረዳለሁ። የምለው እስከገባቸው ድረስ ልጣጩ ሳይበጠስ ይወርዳል። ሳይገባቸው ሲቀር ቢላውን ያስቀምጡና «ባንሆፍ» ይላሉ። ባንሆፍ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ጀርመኖች ነገሩ ጭራሽ ሳይገባቸው ሲቀር፣ «የሚገባኝ ባቡር ጣቢያ ብቻ ነው» ይላሉ፤ እሳቸው አሳጥረውት ነው። ባንሆፍ ከተባለ ሕግ አለው። ተናጋሪው አይቆጣም፣ በረጅሙ አይተነፍስም፣ «ቅድም ነግሬዎት የለ?» አይልም። ከመጀመሪያው ይጀምራል። በቃ። እኔም ስል እሳቸው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። መጀመሪያ ባንሆፍ ያልኩ ቀን ላብ አጠመቀኝ። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ግማሽ ፖም ሰጡኝ።

ኮምፒውተር አያስነኩኝም ነበር። ወረቀት ላይ ሳጥኖች ሥለው፣ «አሁን ኮምፒውተሩ እርስዎ ነዎት» ይሉኛል። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነባለሁ፤ ቁጥር ሲለወጥ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን በላጲስ አጥፍቼ አዲሱን እጽፋለሁ። ጣቴ መስመሩን ካልነካ አይቀበሉኝም። «ዓይን ይዘላል፣ ጣት አይዘልም» ይሉ ነበር። እስካለፈው ዓርብ ድረስ ስክሪን በጣቴ እየነካሁ ነው የሠራሁት። ማሂ ስንት ጊዜ ስክሪን መጥረጊያ አቀብላኛለች!

ስታክ አሁንም አልገባኝ ሲል ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። «እንሂድ» አሉ። የወሰዱኝ እውነተኛው ባንሆፍ ነው። አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ እሳቸው ፖማቸውን መላጥ ጀመሩ። ከጣቢያው ጀርባ መጨረሻው የተዘጋ ሐዲድ አለ፤ ሠራተኞች ፉርጎዎችን አንድ በአንድ እየገፉ እዚያ ያስገባሉ።

«ያቺ ቀይ ፉርጎ መጀመሪያ ገባች» አሉኝ። «አሁን መውጣት ብትፈልግስ?»

«አትችልም።»

«ለምን?»

«ከፊቷ ያሉት ሳይወጡ በየት በኩል? መግቢያውም መውጫውም አንድ ነው።»

ቢላቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ይኸው፣ በራስዎ ቃል ተናገሩ» አሉኝ።

ሦስተኛው ፈተና ደረሰ። ገባሁና ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሩ አንድ ረጅም ጥያቄ ጠየቁ፤ ጀርመንኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፣ ግሱ እስኪመጣ መነሻውን ረሳሁት። የድሮው «ያ» ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ከዚያ፣ «ሄር ፕሮፌሰር፣ የሚገባኝ ባቡር ጣቢያ ብቻ ነው» አልኩ።

ለካ አባባሉ የመንደር ነው! ፍራው ክሌም ያንን አልነገሩኝም። ለሊቀ ጳጳስ «ምን እያልክ ነው ባክህ?» እንደማለት ነው። ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶው ወደቀ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አጠለቁት። «ባንሆፍ?» አሉ። «ይሁን። እንግዲያው ከባንሆፍ እንጀምር።» ወረቀት ስበው ሐዲድ ሣሉ።

ሐዲዱን ሳየው ምላሴ ተፈታ። ፉርጎ ገፋሁ፣ ፉርጎ አወጣሁ፣ ጣቴን ወረቀቱ ላይ እየነዳሁ ተናገርኩ። በሁለተኛው ጥያቄ ተንገዳገድኩ፣ በሦስተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ሰዓት አለቀ። ውጭ አስጠበቁኝና ጠሩኝ። «አራት ነጥብ ዜሮ» አሉኝ። «አልፈዋል።» ከዚያች ቁጥር በታች ያለው ውድቀት ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ አንድ እግሬ ተንጠልጥሎ ቀረሁ፤ ግን ቀረሁ!

ያለኝን ሳንቲም ለቅሜ የመንገድ ስልክ ጋ ሮጥኩና የአባቴን ቢሮ ደወልኩ። መስመሩ ይንጫጫል። «አባባ፣ አለፍኩ! አራት ነጥብ ዜሮ!» ብዬ ጮህኩ። «ስንት?» አሉ። «አራት! አራት ነጥብ ዜሮ!» ስልኩ ተቋረጠ።

ከጊዜ በኋላ እህቴ ነገረችኝ። አባቴ በግ አርደው፣ ሰፈሩን ጠርተው፣ «በጀርመን አገር አራት ነጥብ!» ብለው እልል አስብለዋል። አንገቴን ደፋሁ። እኔ የተናገርኩት እውነት ነው፤ ግን የታረደ በግ አይመለስም። ምን ልበል? በጉን ትፉት ልበል? ዝም አልኩ፣ ዝምታው ሰነበተ፣ አገር ተሻገረ።

ዲግሪዬን ይዤ ካልጋሪ የመጣሁት ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህ ስለነበር ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ኮክረን በምትባል ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። ተራራው እየታየኝ መንዳቱ ደስ ይላል፣ ክፍያውም ክፉ አልነበረም። አለቃችን ግሌን ግን ስብሰባ ሲያበቃ «ክሊር?» ይላል፤ ሁላችንም «ክሊር!» እንላለን። ከዚያ ፓርኪንጉ ላይ ተሰብስበን፣ «ምን ነበር ያለው?» እንባባላለን። ለካ ይሉኝታ ያለው እኛ ጋ ብቻ አይደለም! ፈረንጁም የራሱ አለው፤ ስሙን አላወጣለትም እንጂ። እዚያ ባንሆፍ ለማለት አልደፈርኩም፤ አዲስ ነኝ፣ ጥቁር ነኝ፣ ሴት ነኝ ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

ኦግደን ስገባ ነው የደፈርኩት። ሥራው ባቡር ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ፉርጎዎች በምን ቅደም ተከተል እንደሚቆሙ የሚያቅድ ፕሮግራም መሥራት ነበር። ስቀጠር ሥራውን ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ፤ ከባንሆፍ ወደ ባንሆፍ! በመጀመሪያው ሳምንት ዳግ ሰሌዳው ላይ ቆሞ፣ «ካቱን እዚህ ታስገባላችሁ» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የኔም ራስ መነቅነቅ ጀምሮ ነበር። ያዝኩትና፣ «ባንሆፍ» አልኩ፤ አመለጠኝ።

«ምን አልሽ?»

«አልገባኝም ማለት ነው። ካት ምንድን ነው?»

ዳግ ሳቀ። ለባቡር ሰው ካት ማለት የተያያዙ ፉርጎዎች ስብስብ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ግን ቀላ፤ እሱ ካት ማለት ፉርጎዎቹ የሚቆረጡበት ቦታ መስሎት ፕሮግራሙን መጻፍ ጀምሯል። ወዲያ ማዶ ያለችዋ ደግሞ የተሰረዘ ትእዛዝ መስሏታል። አንድ ቃል፣ ሦስት ሰው፣ ሦስት ትርጉም! ዳግ ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንሆፍ የቢሯችን ቃል ሆነ። ብርድ ሲበረታ ባቡሩ ለምን እንደሚያጥር የገባኝም በሦስት ባንሆፍ ነው፤ የፍሬኑ አየር በየመጋጠሚያው ስለሚያፈተልክ እስከ ረጅም ባቡር ጫፍ በደንብ አይደርስም። አንድ ጊዜ የበላይ አለቃ መጥቶ ሲናገር አንዱ «ባንሆፍ» ቢለው ሰውዬው «ብለስ ዩ» ብሎት አረፈ፤ ማስነጠስ መስሎት።

ማሂም ሥራዬን ስትረከብ አልማረችኝም። እኔው የጻፍኩትን ፕሮግራም ሳስረዳት «ባንሆፍ፣ እትዬ ውዴ» አለች። ደሜ ፈላ፤ ከዚያ ሕጉ ትዝ አለኝ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ መሀል ላይ ለካ እኔም አልገባኝም! ተያይዘን ሳቅን። ያንን ክፍል አብረን እንደ አዲስ ጻፍነው። ሥራዬ ደህና እጅ ላይ ወድቋል።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤቱ ሞላ። አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መሀል ተቀምጠዋል። ማሂን ከሳቸው ራቅ አድርጌ አስቀምጬ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አባቴ ራሳቸው፣ «ያቺን ልጅ ወዲህ አምጧት፣ የልጄ ተኪ አይደለች?» ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት። ምግቡ ቀርቦ ገና አንድ ሁለቴ እንደጎረሱ ጀመሩ።

«ስሚ ልጄ፣ ይቺን የመሰለች አስተማሪ ከየት ታገኛለሽ? በጀርመን አገር አራት ነጥብ ዜሮ ያመጣች!»

«ማሂ፣ እስቲ ያንን ሰላጣ አቀብዪኝ» ብዬ ጮህኩ።

«ዌይት» አለች ማሂ። «ጋሼ፣ ጀርመን? ጀርመን ውስጥ እኮ አራት…» አለችና ፊቴን አየች። አፏን በእጇ ያዘች።

«ጨርሺው እንጂ» አሉ አባቴ። «አራት ምን?»

«ሶሪ ጋሼ… ላይክ… ለጥቂት ማለፍ ነው።»

አባቴ የጎረሱትን ቀስ ብለው አላመጡ። ዋጡ። አፋቸውን ጠረጉ። «አውቃለሁ» አሉ።

ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ስልኩ የተቋረጠ ጊዜ ለአስተማሪዎቹ ሁሉ ተናገርኩ። ጀርመን ተምሮ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነበረን። ወደ ጥግ ሳብ አደረገኝና፣ ‹ጋሼ ተሰማ፣ እዚያ አገር አራት ማለት ለጥቂት መትረፍ ነው፤ ከሱ በታች ውድቀት ነው› አለኝ። ‹ልጄ ገደል አፋፍ ደርሳ ተመለሰች እያልከኝ ነው?› አልኩት። ‹እንደሱ ነው› አለኝ። የዚያኑ ዕለት በግ ተራ ወረድኩ።»

«አውቀው ነው በግ ያረዱት?» አልኩ።

«ባላውቅማ ዶሮ ይበቃሽ ነበር።»

ማሂ ከኔ ቀድማ አለቀሰች። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለሰው ሲናገሩ…» አልኩ።

«ምን፣ ዋሸሁ? አራት አላመጣሽም?»

ተነሥቼ ሄጄ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በእንግዳ ፊት። ከዘራቸውን ያዝኩ። «አባባ» አልኳቸው፣ «ባንሆፍ።»

አብረውኝ ስለሚኖሩ ሕጉን ያውቁታል። አልተቆጡም፣ አሁን ነግሬሽ የለ አላሉም። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«እንግዲህ የዚያን ዕለት ስልኩ ሲጮህ፣ በር ላይ አርፋጆች አንበርክኬ ነበር። ስልኩን እንደዘጋሁ ወጥቼ ሁሉንም ማርኳቸው።»